አባባ ወፍረዋል

መካነ ኢየሱስ፣ ሰኔ ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እኅቴ፤

ከእስቴ ጭቃ መሀል የተነሳ ሰላምታዬ ጉና ላይ በብርድ ሳይደርቅ ደብረ ታቦር ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ያ የሚይዝሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ውሃ በቀዳሽ ቁጥር እንደ ባልቴት ታቃስቻለሽ? ባልሽስ ተኝቶ ማንኮራፋቱን ተወ? እንዳልተወ አውቃለሁ፤ ነፋሱ ወደዚህ ሲሆን የሰፈራችን ውሾች ይጮኻሉ። የኔን ጤና ከጠየቅሽ፣ ጁሃር ሱቅ ጨው እየተሸከምሁ ጀርባዬ እንደ በቅሎ ጀርባ ተላጠ እንጂ ሌላው ደህና ነው። ስኳሩ እየጎደለ ስለሆነ ጁሃር እኔን ይጠረጥራል። እኔ አይጡን እጠረጥራለሁ። አይጡ እስካሁን መልስ አልሰጠም።

እቴ፣ በግንቦት ልደታ ሰሞን የደረሰሽን ደብዳቤ ታስታውሻለሽ። «አባባ ወፍረዋል፣ ፊታቸው ሞልቷል፣ ከእንግዲህ መድኃኒት መላክ ይቅር» የሚለውን። አንቺም ደስ ብሎሽ ለጎረቤት ድፎ እንደቆረስሽ ጽፈሽ ነበር። የዚያ ደብዳቤ እጁ የኔ ነው፤ አፉ ግን የአያታችን የአባባ ልጅ፣ የአጎታችን የአስማረ ነው። እሱ አጠገቤ ቆሞ እየነገረኝ ነው የጻፍሁት። የዛሬው አፉም እጁም የኔ ነው።

እንግዲህ «አያ አስማረ» አላልሁም ብለሽ ተቆጥተሻል። እስከ ዛሬ «እርሳቸው» እያልሁ ነበር የምጽፍልሽ። ከዚህ መስመር ጀምሮ ግን «እሱ» ነው። ብዕሩን ላስገድደው ሞክሬ ነበር። «አሉ» ልል ስል እንደ ሻገተ እርጎ ጉሮሮዬ ላይ ይመጣብኛል። አምስተኛ ክፍል ላይ የመምህሩ ሳጥን ውስጥ እንቁራሪት ከትቶ የተባረረ ሰው ሰዋስው አይጠየቅምና አንቺም አትጠይቂኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ጥር ላይ መጥተሽ አባባን በቃሬዛ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው ምን ይመስሉ እንደነበር አትረሺውም። ሆዳቸው እንደ ተነፋ ስልቻ፣ እግራቸው እንደ ግንድ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ምሰሶውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር የሚያድሩት። ከዚያ ሐኪሙ ሁለት ብልቃጥ ሰጠን፤ አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ለልባቸው፣ ሌላዋ ሰፋ ያለችው ውሃውን እንድታወጣ። ቤት ገብተው ጥቂት እንደሰነበቱ፣ ስንት ጊዜ ተቀምጠው ያደሩት ሰውዬ መደቡ ላይ ጋደም ብለው ተኙ። አንቺ አፍሽን በነጠላሽ ይዘሽ አለቀስሽ። እኔ ደግሞ ነገር አበቃ ብዬ የዶሮ ላባ አመጣሁና አፍንጫቸው ሥር ያዝሁት። አስነጠሳቸው። ብድግ ብለው በጥፊ አጮሉኝ። ያን ጥፊ አስታውሺልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የኔ ሹመት ጣሳ መሸከም ሆነ። ውሃ የምታወጣዋን ከዋጡ አባባ ጣሳው ዘንድ ሳይመላለሱ አይውሉም። ፊቱ አዘውትረው ስለሚቀርቡ ጣሳውን «ዳኛው» አልሁት። «አባባ፣ ዳኛው ይጠራዎታል» ስላቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው እየሳቁ ይነሳሉ። እኔ ስደፋው አፍንጫዬ ላይ ጤና አዳም ሰክቼ ነበር። ያቅለሸልሸኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ማቅለሽለሽ ማለት ያ ይመስለኝ ነበር።

ውሃው ሲወጣ እግራቸው የራሳቸው እግር ሆነ፤ ቀጭን፣ አጥንቱ የሚታይ፣ የሚራመድ። እስከ ቤተ ክርስቲያን አጥር ድረስ በዱላ ይሄዱ ጀመር። የሰፈሩ ሰው ግን ይህን ሲያይ ከንፈሩን ይመጥጣል። «ምነው ከሱ? መድኃኒቱ አመነመናቸው» ይላል። በኛ አገር የከሳ ታማሚ ነው፣ የወፈረ ጤነኛ ነው፤ ሌላ ምርመራ የለም።

ከዚያ የርስቱ ክርክር መጣ። ብርቄን ታውቂያታለሽ፤ የአባባ እኅት የዓለሚቱ ልጅ፣ ስማዳ ወገዳ ያለችው። ባሏ ሲሞትባት ሜዳ ላይ ስለቀረች የእናቴን ድርሻ ስጡኝ ብላ መጣች። ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳ ማለቷ ነው። አስማረ ደግሞ «ዓለሚቱ ስትዳር ድርሻዋን በከብት ወስዳ ሄዳለች» ብሎ ተከራከረ። የዚያን ዘመን ነገር የሚያውቅ በሕይወት ያለ አባባ ብቻ ስለሆኑ ዳኛው እሳቸው ምለው ዘሩን ይቁጠሩ፣ የሚያውቁትን ይናገሩ አሉ። የሰው ዳኛ ማለቴ ነው፣ ጣሳውን አይደለም።

መጋቢት ላይ ከወይራው ሥር ችሎት ተቀመጠ። አባባ ምለው ቆጠራቸውን ከቅድመ አያታቸው ጀመሩ፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እያሉ ወረዱ ወረዱና አባታቸው ላይ ደረሱ። «አባቴ ሁለት ወለደ። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ…» አሉና ቆሙ። እኔ ፊታቸውን ሳይ ገባኝ። ጠዋት የዋጧት መጣችባቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ፤ ከአጥሩ ጀርባ ሄዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሕዝቡ መሀል አንዱ «ስሟን ሊጠራ ሲል ሸሸ» አለ። ዳኛው ደግሞ ቃሉን ሳይጨርስ የተነሳ ምስክር እንዳልመሰከረ ነው ብለው ለሰኔ ቀጠሩ። አባባ ከአጥር ጀርባ ሲመለሱ ችሎቱ ተበትኗል። ብርቄ በነጠላዋ ተሸፍና «አጎቴ የእናቴን ስም ተጸየፉት» እያለች ታለቅስ ነበር። አባባ ሊያናግሯት ሲሉ ፊቷን አዞረች።

አስማረ የተቆጣው በሌላ ነው። «ምስክሬ በሽንት ወደቀ» እያለ መንገዱን ሙሉ ሲነጫነጭ ሄደ። ቤት እንደገባን ሁለቱን ብልቃጦች አንስቶ ወደ አንዱ ገለበጣቸው፤ ልብ በይ፣ የልቡንም የውሃውንም ቀላቅሎ፤ ከዚያ በጋቢው ጫፍ ቋጠረው። እስከ ቀጠሮው ድረስ ምንም እንዳይዋጥ አለ። እኔ ሐኪሙ አታቋርጡ ብሏል እኮ ስለው፣ «አንተ ሽንት ተሸካሚ፣ ሥራ ልፈታ ነው ብለህ ነው?» አለኝ። ሚስቱ የሻረግ ሳቀች። መልሱ ጥሩ ስለነበር እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ሳስበው ያ ሳቅ አፌ ውስጥ ይገማኛል።

ፋሲካ እንዳለፈ አባባ «መወፈር» ጀመሩ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚታቸው ጠፋ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸው፣ ቀጥሎ ፊታቸው ሞላ። የሻረግ ደስ ብሏት ቅቤ ትግታቸው ጀመር። ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ አስማረ የአባቱን ጉንጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ይጎትተዋል፤ ልክ ገበያ ላይ የሰንጋ ሻኛ እንደሚጨብጥ ነጋዴ። «እዩት፣ መድኃኒቱን ስናስተዋቸው ሥጋ ለበሱ» ይላል። ሰዉም «እውነትም፣ ተመስገን፣ አማረባቸው» ይላል። አባባ ከምሰሶው ጋር እንደገና ተጣብቀው፣ አፋቸውን ከፍተው አየር እየለመኑ፣ ሰው ሁሉ «አማረብዎ» ይላቸዋል። የቅቤው ሽታ፣ የአስማረ ጣት፣ የዚያ ሁሉ ሰው «ተመስገን»፤ እቴ፣ የጣሳውን ሽታ ናፈቅሁት። ደብዳቤውንም ያን ሰሞን ነው ያስጻፈኝ።

እኔ ያወቅሁት በጨዋታ ነው። አንድ ቀን እግራቸውን ሳሻቸው አውራ ጣቴን ብጫን ቅልጥማቸው ላይ ጉድጓድ ቀረ። አጠገቡ ደገምሁት። እሱም ቀረ። ታውቂኛለሽ፣ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ ዝም አልልም። በመደዳ በመደዳ ወጋሁላቸውና ከሽሮ እህሉ ዘንቢል አተር ዘግኜ ገበጣ እንጫወት አልኋቸው። ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩት። የሰው እግር እንደሚያዩ ነው ያዩት። ከዚያ «የኔ በኩል ያለው ጠበበብኝ፣ ደህና አድርገህ ተጫን» አሉኝ። ተጫወትን። ሲስቁ ሳሉ አተሩ እየተንከባለለ ይወድቃል። አንደኛውን ዙር ጨርሰን ጉድጓዶቹ ገና አልሞሉም ነበር። ያን ጊዜ ሳቄ ቆመ። ሥጋ ቢሆን እኮ ይመለሳል። የኔን ጭን ወጋሁት፤ ወዲያው ተመለሰ። የየሻረግን ክንድ ሳትጠረጥር ወጋሁት፤ ተመለሰ፣ እጇም ተከትሎ ወደ ማጅራቴ መጣ።

ከተማ ወርጄ ለጤና ጣቢያው ድሬሰር ለደሴ ገበጣውን ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ምን ያህል እንደሚቆይ ጠየቀኝ፤ ስነግረው መሳቁን ተወ። ያ ውፍረት አይደለም፣ ውሃ ነው አለኝ። የደከመ ልብ ውሃውን መግፋት ስላቃተው ነው እንጂ አንድ እፍኝ ሥጋ አልጨመሩም አለ። መድኃኒቱ እንደ ወባ ኪኒን ተሻለኝ ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ይሻላቸው የነበረው ስለሚውጡት ነው። ያለውን ይጀምሩና ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ወደ ሐኪሙ ውሰዷቸው አለኝ። አንድ ነጩንና አንድ ሰፊውን በየጠዋቱ፣ ደጋግመህ እንዳትሰጣቸው ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ሮጬ ለአስማረ ነገርሁት። በሬዎቹን እያጠጣ ነበር። ቀና እንኳ ሳይል «ከቀጠሮው በኋላ የፈለገውን ያህል ይሽና» አለኝ።

እቴ፣ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጬ ወጣ ብዬ ነው የተመለስሁት። ስለ አባቱ ነው እኮ። ለበሬዎቹ ግን እያፏጨ ነበር የሚያጠጣቸው።

እኔም የምችለውን አደረግሁ። ከሱቁ የፊኖ ዱቄት ወስጄ (ይህን አይጡ አልወሰደውም) ትንንሽና ሰፋፊ አድርጌ ድቡልቡል ሊጥ ሠራሁ፤ ጣራ ላይ አደረቅሁት። አስማረ ጋቢውን አውልቆ ሲያርስ ቋጠሮውን ፈትቼ እውነተኛውን አወጣሁና ሊጡን ሞላሁለት። አልጠረጠረም። ይልቁንስ የሆነውን ስሚ። ራሱን ሲያመው ከዚያ ብልቃጥ እየዘገነ መዋጥ ጀመረ። ከአባቱ አፍ የነጠቀውን ለራሱ ራስ ምታት። ደግሞ የሻረግን «ወዲያው ነው የሚያወርድልኝ፣ የሐኪም ነገር እኮ እንዲህ ነው» ይላታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ዓመት ሙሉ እስቅ ነበር።

እውነተኛውን ይዤ አባባ ዘንድ ቀረብሁ። አሁን ይዋጧትና ዳኛው ሥራ ይጀምር አልኋቸው። አፋቸውን ገጠሙ። እንደ ሕፃን አፋቸውን ገጥመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀለድሁ፣ ለመንሁ፣ በሶዎ ውስጥ ደብቄ አበላዎታለሁ ብዬ አስፈራራሁ። «በሶዬን ከነካህ በሶም አልበላ» አሉኝ። ቆይተው ትንፋሻቸውን እየቆራረጡ ነገሩኝ። «እኔ አንድ ቃል ሲቀረኝ ተነሳሁ። ዓለሚቱ በኔ ሽንት የተነሳ ሳትወለድ ቀረች። ብርቄ ፊቷን ያዞረችብኝ ለዚህ ነው። አሁን ያቺን ከዋጥሁ ያን ቀን ደግሞ እነሳለሁ። ስሟን ልጥራና ከዚያ ዳኛህን አምጣልኝ።» አስማረ ለሌላ ነው የከለከለዎት ብላቸው «አውቃለሁ። ለራሱ ብሎ ነው የወሰደው፤ ለሷ ይሁንላት» አሉኝ። ለማንም እንዳልናገርም በስማቸው አስማሉኝ።

ምን ላድርግ? መንጋጋቸውን ፈልቅቄ ልጨምር? በእሳቸውም ተናደድሁ፣ በእኅታቸውም፣ በማሳውም። ወንዝ ማዶ ሄጄ ያን ማሳ አየሁት። ድንጋይና ሙጃ። ምራቄን ተፋሁበትና ተመለስሁ።

የሰኔ ሚካኤል ባለፈ ማግስት ለአራት ተሸክመን ወሰድናቸው። እግራቸው ከቃሬዛው ውጭ ተንዘርጥጦ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፤ ቆዳው ነው የሚያለቅሰው። አስማረ አዲስ እጀ ጠባብ ለብሶ ቃሬዛውን ከፊት በኩል ይዟል። ዋዜማውን ቁጭ ብሎ «ድርሻዋን በከብት ወስዳለች» የሚለውን እንደ ውዳሴ ማርያም ሲያስጠናቸው ነበር። እሳቸው አንገታቸውን ይነቀንቁለታል።

ወይራው ሥር ደርሰን አስደገፍናቸው። ማሉ። ቆጠራቸውን ጀመሩ። አንድ ስም፣ ከዚያ ትንፋሽ፤ አንድ ስም፣ ከዚያ ትንፋሽ። ሰዉ አልሳቀም። «አባቴ ሁለት ወለደ። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ» አሉና ቆሙ። ሁሉም ጋቢያቸውን እያየ ነበር። አልተነሱም። «ሁለተኛዋ ዓለሚቱ ናት» አሉ። አስማረ ፈገግ ብሎ ቀሪውን ጠበቀ። አባባም ቀሪውን ተናገሩ። «ከብት አልወሰደችም። ከወንዙ ማዶ ያለው የሷ ነው። እስከ ዛሬ ሳርሰው የኖርሁት እኔ ነኝ። ልጇ ትረከብ» አሉ።

ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረው አሁን መነሳት ይፈቀድልኛል ወይ ብለው ጠየቁ። ዳኛው ይነሱ አሏቸው። መነሳት አልቻሉም።

ብርቄ መጥታ ያን የሚያለቅስ እግራቸውን አቀፈችው። አስማረ ግን ወጥቶ ሄደ። ቃሬዛውን እንኳ በአንድ እጁ አልያዘም፤ ሦስት ሆነን ቀረንና ጁሃር ሱቁን ዘግቶ አራተኛ ሆነልን። አስማረ መንገድ ላይ ለሚያገኘው ሁሉ «እብጠቱ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶበት ነው የቀባጠረው» እያለ ሄደ አሉ። እብጠቱ። ሰማሽ? እስከዚያች ጠዋት ድረስ እኮ «ውፍረት» ነበር።

ቤት እንደደረስን መድኃኒታቸውን ከእጄ ዋጡ። ድሬሰር ደሴም መጥቶ መርፌ ወጋቸው። እኔ ጣሳውን አጥቤ፣ ደረቅ አድርጌ አጠገባቸው አስቀመጥሁና «ዳኛው ተሰይሟል» አልኋቸው። በዓይናቸው ሳቁልኝ። በማግስቱም ሰጠኋቸው፣ በሠልስቱም፣ ከዚያም በየጠዋቱ። ዳኛው ተሰይሞ ጠበቀ፣ የቀረበ ግን የለም። ያን ሁሉ ጊዜ አፍንጫዬን ይዤ የሸሸሁት እኔ፣ ጆሮዬን ጣሳው አፍ ላይ ደፍቼ ጠብ የሚል ድምፅ እለምን ነበር። ድሬሰሩ ትከሻዬን ይዞ ልቡ ብዙ ቆየ፣ ደክሟል አለኝ።

አሁን እንዴት ናቸው ትይኛለሽ። ጋደም ብለው ተኝተዋል፣ እቴ። ምሰሶ አልፈለጉም፣ ትራስም አልፈለጉም፤ ቀጥ ብለው ነው የተኙት። ትንፋሽም አያስቸግራቸውም። የዶሮ ላባም ይዤላቸው ነበር። በጥፊ አላሉኝም።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። እነዚያ «አማረባቸው» ያሉት ሁሉ አሉ፤ አስማረ መሀላቸው ተቀምጦ ከሁሉም በላይ ድምፁ ይሰማል። ራሱን አሞታል መሰለኝ፣ ቅድም ከብልቃጡ ሲውጥ አየሁት። ሊጡ አላለቀበትም። እኔ እዚያ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው ጁሃር ሱቅ ጨው ጆንያ ላይ ሆኜ የምጽፍልሽ። ብርቄ እግራቸው ሥር ናት።

ይህን ደብዳቤ ጁሃር ራሱ ይዞት ይመጣል። ለብቻሽ እጅሽ ላይ እንዳይሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ፤ ባልሽ አስቀድሞ ያየዋል፤ አትቆጪው። በማለዳ ሰዎች ቤትሽ ከመጡ አትደንግጪ፤ በሩን ክፈቺላቸው። ወገብሽን ጠበቅ አድርገሽ ታጠቂ፤ መንገዱ ጭቃ ነው። መድኃኒት እንዳትገዢ፤ የተረፈው ኪሴ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ቸሩ መድኃኔዓለም ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ባልሽ ተኝቶ ሲነፋም አትቀስቅሺው፤ ትንፋሽ ነው፣ ይንፋ። ለጠየቀኝ ሁሉ ሰላምታ ስጪልኝ። ስትመጪ እንድታገኚው ጣሳውን አልጣልሁትም።

ሽንት ተሸካሚው ታናሽ ወንድምሽ